የሰቆጣ ውሻ ውጭ ሀገር ለመሄድ ምን ይጎድለዋል?

ዲቪ የደረሰው፣ የትምህርት ዕድል ያገኘ ወይም ለትዳር የሚወጣ ሰው ሻንጣ ሲያዘጋጅ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። በርበሬ ስንት ኪሎ ያሳልፋሉ? ቅቤስ ይያዛል? አሁን አሁን ደግሞ በተለይ ከከተማ ልጆች አንድ አዲስ ጥያቄ ይሰማል፤ «ውሻዬንስ?»

ጥያቄው ቅንጦት ይመስላል። ሰው ራሱ ቪዛ አጥቶ በየኤምባሲው በር በሚመላለስበት ሀገር፣ ዋግ ኽምራ ላይ ደግሞ ጦርነት ያፈናቀላቸው የአበርገሌና የፃግብጂ ሰዎች ባሉበት ጊዜ ስለ ውሻ ጉዞ መጻፍ ኮሜንት ላይ ምን እንደሚያስብል አውቃለሁ። ግን ትንሽ ታገሱኝ። የአንድ ውሻ ወረቀት ምን እንደጎደለው ማየት ስንጀምር ነገሩ ቶሎ ወደ ሰው ይዞራል።

መነሻችንን ሰቆጣ ያደረግነው በምክንያት ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ገንዘብ እስካለው ድረስ የእንስሳት ክሊኒክ አያጣም። ዋግ ላይ ግን ውሻ የሚታየው በሌላ ዓይን ነው። እዚያ ውሻ ሥራ አለው። ቆላ ወርዶ ፍየል ለሚጠብቅ ልጅ ጓደኛውም ዘበኛውም እሱ ነው። ሌሊት ጅብ ሲጠጋ ቀድሞ የሚሰማው፣ እንግዳ ሲመጣ ገና ከአፋፉ ላይ የሚናገረው እሱ ነው። ሲያድር ግን ደጅ ነው የሚያድረው፤ የሚበላው ከሰው የተረፈውን ነው። ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ ምን እንደሚደርስባት ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህም ሆኖ አይወደድም ማለት አይደለም። ስም አለው፣ ባለቤት አለው፣ መንደሩ በሙሉ የማን እንደሆነ ያውቃል። የሌለው ወረቀት ነው።

እንግዲህ አንዲት የሰቆጣ ልጅ ከቡችላነቱ ያሳደገችውን ውሻ ይዛ ዋሽንግተን ልትገባ አሰበች እንበል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማይክሮቺፕ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት፤ ከትከሻው መሀል ከቆዳው ሥር በመርፌ ትገባለች፣ በውስጧ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ይዛለች። የውሻው መታወቂያ ይቺ ናት፤ የእኛን ፋይዳ በሏት። ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተባል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ክትባቱ ከቺፑ በፊት ከተሰጠ አይቆጠርም። ምክንያቱም የተከተበው ይሄው ውሻ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ብዙ ሰው ብሩንና ወሩን የሚያቃጥለው እዚህች ላይ ነው።

ክትባቱን ከወሰደ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይቀዳል። ደሙ እውቅና ወዳለው ላቦራቶሪ ተልኮ በውስጡ በቂ የመከላከያ አቅም መፈጠሩ ይለካል፤ መለኪያው 0.5 የሚባል ቁጥር ነው፣ ከዚያ በታች ከሆነ ወደቀ። ሰው ቋንቋ ይፈተናል፣ ውሻ ደሙን ይፈተናል። ጉዞው ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሆነ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ተጨማሪ 3 ወር መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ በነሐሴ ወር ጀርመን ትምህርት የሚጀምር ሰው ቢያንስ ከጥር ወዲህ መዘግየት የለበትም። ቪዛው እስኪመታ ልጠብቅ ካለ ውሻው ይቀራል።

አሜሪካ ሕጉን ያጠበቀችው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ነው። የሀገሪቱ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ብሎ በመዘገባቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ አለችበት። ከነዚህ አገሮች የሚመጣ፣ ክትባቱን እዚያው የወሰደ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላው መሆን አለበት። የክትባት ቅጹን ሐኪም ሞልቶት የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ያጸድቀዋል። ሲገባም በፈለገው ኤርፖርት አይገባም፤ የተመዘገበ የእንስሳት መቆያ ባለባቸው ጥቂት ኤርፖርቶች ብቻ ነው፤ እዚያም ይመረመራል፣ ድጋሚ ይከተባል። የደም ምርመራ ውጤቱን ካልያዘ 28 ቀን እዚያው ይቆያል፣ ሒሳቡም በባለቤቱ ነው። ከኤርፖርቶቹ አንዱ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው የዋሽንግተኑ ደለስ መሆኑ ትንሽ ያጽናናል።

ይህ ሁሉ አልፎ ገና ሳጥኑ አለ። ውሻው ቆሞ፣ ዞሮና ተኝቶ የሚበቃው ሳጥን መሆን አለበት፣ የአየር መንገዶች የጋራ ደንብ ይህን ያዛል። ደግሞ ከአውሮፕላኑ በፊት አውቶቡሱ አለ። ከሰቆጣ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ማለት ነው። ውሻ ይዛችሁ አውቶቡስ ልትሳፈሩ ስትሉ ረዳቱ ምን እንደሚላችሁ ለእናንተ ልተወው።

በድሮ ጊዜ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከዙላ ተነስቶ በዋግሹም ጎበዜ ግዛት በኩል ወደ መቅደላ ሲያልፍ 44 ዝሆኖች ሳይቀር ይዞ ነበር፤ ማንም ቺፕ አልጠየቀም። ከዘመቻው በኋላ አንዲት ድመት ወደ እንግሊዝ እንደተወሰደችና ስሟም «ዙላ» እንደተባለ እ.ኤ.አ. በ1874 የታተመ የድመት መጽሐፍ ጽፏል። ዛሬ በዓለም ላይ «የአቢሲኒያ ድመት» የሚባለው ዝርያ ታሪክ ሲተረክ ከእሷ ነው የሚጀመረው። የዘር ጥናቱ ግን ዝርያውን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ወስዶታል። ስሙ የእኛ፣ ዘሩ የሌላ!

በሩ የተዘጋው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። እንግሊዝ የእብድ ውሻ በሽታን ከደሴቷ ካጠፋች በኋላ ከውጭ የሚገባ ውሻ ሁሉ 6 ወር ተለይቶ እንዲቆይ ታደርግ ነበር። ሚኒስትር ሁን ሎርድ፣ ውሻህ 6 ወር ይታሰራል። ይህ የላላው እ.ኤ.አ. በ2000፣ ቺፑና ክትባቱ እስሩን ሲተኩ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚያማርረን ረጅም ወረቀት ከድሮው ጋር ሲተያይ ምሕረት ነው ማለት ይቻላል።

«አርተር ዘ ኪንግ» የሚለውን ፊልም ያያችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ፊልሙ ቦታውን ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አድርጎታል እንጂ እውነተኛው የሆነው ኢኳዶር ውስጥ፣ በ2007 ዓ.ም. ኅዳር አካባቢ ነው። ሚካኤል ሊንድኖርድ የሚባል ስዊድናዊ ተወዳዳሪ በጫካ ውድድር መሀል ለአንድ የቆሰለ ባለቤት አልባ ውሻ የሥጋ ድብልብል ወረወረለት። ውሻው ከዚያ በኋላ አልለይም አለ፤ ጭቃውን፣ ዳገቱን፣ ታንኳቸው ሲሄድ ወንዙንም ሳይቀር እየዋኘ ተከተላቸው። ሰውዬው ከስዊድን የግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ለምኖ ይዞት ገባ፤ ውሻው ግን ስቶክሆልም ሲደርስ ሶፋ ላይ አልወጣም፤ 120 ቀን ለብቻው ተለይቶ ቆየ። ፊልሙ ላይ ሁሉም ሰው የሚያለቅሰው ሌላ ቦታ ነው፤ እኔን የገረመኝ ግን እነዚያ አራት ወራት ናቸው። ያ ሁሉ ዝና ያለው ውሻ እንኳ አንድ ቀን አልተቀነሰለትም።

አሁን ወደ ዋግ እንመለስ። የበለጸጉት አገሮች ይህን ያህል የሚፈሩት በሽታ እኛ ቤት የሚኖር ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይደለም። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል። ሰው የሚዘናጋው በዚህ መሀል ነው። ቁስሉ ይሽራል፣ ልጁ ፍየሉን ይዞ ቆላ ይወርዳል፣ «ተረፈ» ይባላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶ 99ኙን የሚያስይዘው ውሻ ነው። ለኢትዮጵያ በጥናቶች በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ግምት በዓመት ወደ 2,700 ነው።

አዲስ በሽታም አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ትልቅ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ የተመዘገበው በ1895 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው፤ ከተማዋ ገና ልጅ እያለች ማለት ነው። ፓስተር የመጀመሪያውን ክትባት ለሰው የሰጠው ደግሞ ከዚያ 18 ዓመት በፊት ነበር። መድኃኒቱ ከተገኘ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታላላቆቻችን ከበግ አንጎል የሚሠራውን፣ ሆድ ላይ ቀን በቀን እስከ ሁለት ሳምንት የሚወጋውን መርፌ ያስታውሱታል፤ ብዙ ሰው እሱን ፈርቶ ቀርቷል። አዲሱ ዓይነት ክንድ ላይ አራት ወይም አምስት ጊዜ ብቻ ነው።

ከሰሃላ ወይም ከዝቋላ አንድ ቀበሌ በውሻ የተነከሰ ልጅ ክትባት ፍለጋ በእግርም በመኪናም ሰቆጣ ድረስ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሊመጣ ይችላል። አባቱ ለመኪና የሚሆነው ፍየል መሸጥ ሊኖርበት ነው። እስከዚያ ፀበል አለ፣ ሥር የሚሰጡ አዋቂዎች አሉ። ፀበሉን ማንም ተዉ አይላችሁም፤ ከክትባቱ ግን አታስቀድሙት። ከሁሉም በፊት ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉና እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከሚመስላችሁ በላይ ረጅም ነው።

ዋናው ሥራ ግን ያለው ውሻው ላይ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቆማል። መርዝ ማብላቱ ይህን አያመጣም፤ የሞተው ቦታ ላይ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በውሻ ምክንያት የሚመጣውን የዚህ በሽታ ሞት እ.ኤ.አ. በ2030 ዜሮ ለማድረግ ተነስተዋል። አጋጣሚው ይገርማል፤ የዚህችው ከተማ ስም የተሰጠው፣ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ቀጠሮው በዚያው ዓመት ነው። በእኛ አቆጣጠር 2022 ማለት ነው፤ ሩቅ አይደለም።

ጎረቤት ላስታ ላይ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። በመላ አገሪቱ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው። ባሌ ላይ በተደጋጋሚ የፈጃቸው ይኸው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው።

ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ ውሻው ገባ እንበል። ኑሮውስ? ጀርመን ውስጥ የውሻ ግብር የሚባል አለ፤ ባለቤቱ ለማዘጋጃ ቤቱ ይከፍላል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፈቃድ ያወጣል፣ ያለ ማሰሪያ መንገድ ላይ መልቀቅ አይፈቀድም፣ ዓይነ ምድሩን ባለቤቱ በላስቲክ ያነሳል። ይህን የመጨረሻውን ለሰቆጣ ዘመድ በቪዲዮ አታሳዩ፤ ለማስረዳት ይከብዳል። አከራዩም ብዙ ጊዜ ለውሻው ብቻ የወር ኪራይ ይጨምራል።

ከሁሉም የሚከብደው ጩኸቱ ነው። ዋግ ላይ የሚጮኽ ውሻ ጎበዝ ውሻ ነው፤ የተከበረው በጩኸቱ ነው። አፓርታማ ውስጥ ደግሞ ሌሊት በደረጃ የሚወጣ ሰው ኮቴ በሰማ ቁጥር ቢጮኽ ጎረቤት አቤቱታ ይጽፋል። ቀኑን ሙሉ ፍየል ተከትሎ ሲሮጥ የኖረ እንስሳ፣ ባለቤቱ ሁለት ሥራ ስትሠራ አሥር ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ይውላል። ቡችላ ሆኖ ቢሄድ ይለምዳል፤ ካደገ ግን እኔ ብሆን ሁለቴ አስባለሁ። ፍቅር ማለት የግድ ይዞ መሄድ አይደለም።

ትቶ የሚሄድ ሰው ግን ውሻውን ለአጎት ልጅ አስረክቦ ብቻ መሄድ የለበትም። የክትባት ቀኑ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዘንድ መቼ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካርዱን ከውሻው ጋር ስጡ፤ ቀጣዩ መርፌ የሚወጋበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። መስከረም 18 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ስለሆነ ለማስታወስ ይመቻል። ለበዓል ብር ስትልኩም የሱን ለብቻ ጨምሩበት።