ሰሌዳውን ከመግዛታችን በፊት

የእብናት ልጅ ውሃን በሁለት መልኩ ያውቀው ነበር፤ በበጋ ከጉልበት የማያልፍ ወንዝ፣ በክረምት ከብት ጠራርጎ የሚወስድ ደራሽ። ዋና የሚማርበት የረጋ ውሃ በአጠገቡ አልነበረም። አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ መሠራት የጀመረው፣ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የርብ ግድብ፣ በፋርጣና በእብናት ምድር ላይ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አቁሟል። ግድቡ የታሰበው ለፎገራ ሜዳ መስኖ እንጂ ለጨዋታ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ወጣት ባለበት አጠገብ ውሃ ከቆመ፣ ወጣቱ መግባቱ እንደማይቀር ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ ደብዳቤ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ የአንዱ ጓደኛችን አጎት፣ አንዲት ትንሽ የጎማ ጀልባ ከነሞተሯ ለአገር ቤት ልጆች ለመስጠት አስበው፣ «ከኋላዋ የሚጎተት ኒቦርድ ልጨምርላችሁ፤ ምን ዐይነት ይሁን?» ብለው ጠየቁን። መልሱን ለመጻፍ ተቀምጠን ብዙ ተከራከርን። ከክርክሩ ያገኘነው ለሌላውም ይጠቅማል ብለን ስላመንን ለአንባብያን አቅርበነዋል።

ኒቦርድ ማለት የመንበርከኪያ ሰሌዳ ነው። ርዝመቱ ከ120 እስከ 140 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለጉልበት ማረፊያ የተጎደጎደ ስፖንጅ፣ ጭንን የሚይዝ ጠፍር አለው። ልጁ በሆዱ ተኝቶ ይጀምራል፤ ጀልባዋ ስትስብ ይንበረከካል፤ ከዚያም ጠፍሩን ጭኑ ላይ ያስራል። ሰሌዳው ሰፊ ስለሆነ በዝግታም ቢሆን በውሃው ፊት ላይ ይንሸራተታል፤ ለጀማሪ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። ለትንሽ ጀልባ የሚስማማውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት በአዲስ ዘመን በኩል ወርደን ጣና ዳር በሄድን ጊዜ፣ ከመካከላችን የአንዱ ታናሽ ወንድም በተከራየነው ሰሌዳ ላይ ተንበረከከ። ዕድሜው 14 ነበር። ጥቂት ሄዶ ተገለበጠ። ጠፍሩ ጠብቆ ስለታሰረ ሰሌዳው ከላይ፣ ልጁ ከታች ሆነ። የለበሰው የሕይወት አድን ጃኬት የትልቅ ሰው ነበረና ወደ ጆሮው ወጥቶ እጁን ያዘው። እኛ ጀልባዋ ላይ ሆነን የሚጫወት መስሎን እንስቅ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው። ዋና የሚችለው ጓደኛችን ዘሎ ገብቶ ጠፍሩን ፈታው፤ ልጁም ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ ያለን መለኪያ አንድ ነው፤ ዕቃ የሚመረጠው ሲሄዱበት በሚሰጠው ደስታ ሳይሆን ሲወድቁ በሚያደርገው ነገር ነው። ጀማሪ መውደቁ አይቀርምና።

በዚህ መለኪያ አንደኛው ጃኬቱ ነው። በልጁ ደረት ልክ የተሠራ፣ በውስጡ ስፖንጅ ያለው ይሁን። በአየር የሚነፋው ጃኬት ለሚጎተት ሰው አይሆንም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ልጁ ጃኬቱን ቆልፎ ይቁም፤ ከትከሻው ይዘን ወደ ላይ እንሳበው፤ አገጩን አልፎ ከወጣ አይሆነውም። ሆኖም ለእንዲህ ያለው ጨዋታ የሚለበሰው ቀለል ያለ ጃኬት የተሠራው ዋና ለሚችል ሰው ነው። ስለዚህ ጃኬት ዋናን አይተካም።

ሁለተኛው ጠፍሩ ነው። ሰፊ፣ በተጣባቂ ጨርቅ የሚያያዝ፣ ጫፉ በአንድ እጅ ሲጎተት ወዲያው የሚፈታ መሆን አለበት። ዘለበት ያለውን አንቀበል። ልጁም ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ፣ ዐይኑን ጨፍኖ መፍታትን ደጋግሞ ይለማመድ። ለጀማሪ ግን ከሁሉ የሚሻለው መጀመሪያ ያለ ጠፍር መጎተት ነው፤ ሲገለበጥ ከሰሌዳው ይለያልና።

ሦስተኛው ገመዱ ነው። ከ15 እስከ 20 ሜትር የሚረዝም፣ የማይለጠጥና በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ይሁን፤ የሚለጠጥ ገመድ ሲለቀቅ እንደ ወንጭፍ ይመለሳል። የሚታሰረውም በጀልባዋ ኋላ ግራና ቀኝ ባሉት ጠንካራ ቀለበቶች ላይ እንጂ በሞተሩ ወይም በጎማው ላይ በተለጠፈ እጀታ አይደለም።

ሰሌዳው ራሱ በመጨረሻ ይመጣል። ለጀማሪ ሰፋና ወፈር ያለ፣ ጠርዙ ክብ የሆነ ይሻላል። አሮጌ ከሆነ ስንጥቅ እንዳለው እንይ። የጣና ታንኳ ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ አውጥቶ ያደርቀዋል፤ የተሰነጠቀ ሰሌዳ ግን ውስጡ ውሃ ከገባ በቀላሉ አይደርቅም።

ስለ ሞተሩም አንድ ነገር እንጨምር። ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 15 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚያ የሚሰጠው 12 ያህል ነው። ይህ ቀላል ልጅ ይጎትት ይሆናል፤ ጀልባዋ ላይ ሰው ከተጨናነቀ ግን ሰሌዳው ከውሃው አይነሣም። መፍትሔው ሁለት ሰው ብቻ መጫን ነው፤ አንዱ ነጂ፣ ሌላው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ልጁን የሚጠብቅ። ጠባቂውን ለማስቀረት አንሞክር፤ ያን ቀን የጎደለን እርሱ ነበር። ነጂውም የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ከሰውነቱ ጋር ያያይዝ፤ የወደቀውን ልጅ ሲያነሣም ሞተሩን ፈጽሞ ያጥፋ።

ቦታም ይመረጣል። ግድብ ላይ ያለ አስተዳዳሪዎቹ ፈቃድ መግባት ተገቢ አይደለም፤ በበጋ ውሃው ሲጎድልም ከሥር ያለ ጉቶና ድንጋይ ወደ ላይ ይቀርባል። ጣና ዳር ደግሞ ብልሃርዝያ አለ፤ ጉማሬም አለ። ስለዚህ የአካባቢውን ዓሣ አጥማጅ ሳይጠይቁ መግባት ሞኝነት ነው።

ለአጎታችን የጻፍነው መልስ አጭር ነው፦ «ጋሼ፣ በመጀመሪያ በልጆች ልክ የተሠሩ አራት ጃኬቶች ይላኩልን። ቀጥሎ ገመድ። ሰሌዳውን ለከርሞ ያቆዩልን፤ እስከዚያ ልጆቹን ዋና እናስተምራለን።» ከልጆቹ አንዳንዶቹ ይህን ሲሰሙ አኩርፈዋል። ያ የ14 ዓመት ልጅ ግን፣ አሁን 16 ሞልቶታል፣ ዋና ለመማር የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል።