ቶሎ የሚፈላ ውሃ፣ ቶሎ የማይበስል ባቄላ

መካነ ሰላም ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ባቄላ ግን ቶሎ አይበስልም። ከድሬዳዋ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ የመጣ መምህር ይህን ለማወቅ አንድ ሳምንት ይበቃዋል። ድስቱ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ክዳኑን ያንቀጫቅጨዋል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ፍሬው በጥርስ ሲሞከር ገና ጠጠር ነው። ጎረቤቱ «ባቄላው የከረመ ይሆናል» ትለዋለች። ልክ ልትሆን ትችላለች። ግን የአየሩም እጅ አለበት።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከአናታችን በላይ የሚቀረው አየር ያንሳል፤ ውሃውን ተጭኖ የሚይዘውም ክብደት ይቀላል። ስለዚህ ውሃው እምብዛም ሳይግል እንፋሎት ሆኖ ያመልጣል። በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይወርዳል፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 የነበረው መካነ ሰላም ሲደርስ 91 ገደማ ነው። እሳቱን ቢያነዱት ቢያነዱት ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከዚያ አያልፍም። ቻርልስ ዳርዊን በ1835 እ.ኤ.አ. የአንዲስን ተራሮች ሲያቋርጥ፣ ጓደኞቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈላ ያደረ ድንች ጠዋት ሳይበስል ቢያገኙት ጥፋቱን በአዲሱ ድስት ላይ ላከኩ።

ዘጠኝ ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። የእህል መብሰል ግን የፍሬውን ሕዋሳት እርስ በርስ ያጣበቀው ፔክቲን የተባለ ሙጫ መሟሟት ነው፤ እንዲህ ያለ ኬሚካዊ ለውጥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል ተብሎ ይገመታል። በዚህ አገር «ርካሽ» የሚባል እህል ዋጋው ገበያ ላይ ተከፍሎ አያልቅም ማለት ነው። ቀሪው ምድጃው ላይ በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ይከፈላል።

የመጀመሪያውን ክፍያ እንመልከት። አንድ ኪሎ ደረቅ ባቄላ ውስጥ 250 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ስላለው፣ ኪሎው ባቄላ ከ40 እንቁላል ጋር ይመዘናል። ምስርና አተርም ከባቄላው ብዙ አይርቁም፤ ሽምብራ ትንሽ ዝቅ ይላል። እርግጥ የእንቁላሉ ፕሮቲን ለሰውነት ይበልጥ ይስማማል፤ ጥራጥሬ ሚቲዮኒን የተባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል። ጤፍና ገብስ ደግሞ እሱ አላቸው፤ የሚጎድላቸው ባቄላው የተረፈው ላይሲን ነው። ሽሮ በእንጀራ የበላ ሰው ሳያውቀው ሁለቱን አጋብቷል። የ40 እንቁላሉን ዋጋ ከኪሎው ባቄላ ዋጋ ጋር ማስተያየቱን ለአንባቢ ትቻለሁ፤ የየሳምንቱን ገበያ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሁለተኛው ክፍያ እንደ እህሉ ዕድሜ ይለያያል። ባቄላ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ሲከርም ውስጡ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ፔክቲኑን አንቆ ይይዘዋል፤ እንዲህ ያለውን ፍሬ ቀኑን ሙሉ ቢቀቅሉት በቅጡ አይለሰልስም። ምልክቱ ቀለሙ ነው። የዘንድሮው ፈዛዛ ነው፤ የከረመው ወደ ጥቁር ቡኒ ይሄዳል። ብርድ ያለበት ደጋ ለማከማቻ ይመቻል፤ ከገበሬው በቀጥታ የሚገዛ ሰው ቆላ መጋዘን ከርሞ በላስቲክ ታሽጎ ከተመለሰው የተሻለ ያገኛል፤ ማሸጊያው የቱንም ያህል ቢያምር። እፍኝ አንስቶ ውሃ ላይ መበተንም አይከፋም፤ ነቀዝ የበላው ይንሳፈፋል።

ማታ ዘፍዝፎ ማደር የማብሰያውን ጊዜ ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። መዘፍዘፊያው ላይ ትንሽ ጨው ጣል ማድረግ ደግሞ ይረዳል፤ ሶዲየሙ የካልሲየሙን ቦታ ይቀማና ሙጫው ይላላል። ቲማቲምና ሎሚ በተቃራኒው ፔክቲኑን ያጠነክራሉ፤ ፍሬው ሳይለሰልስ ድስት ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ክክ ከድፍኑ ይወደዳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ልዩነቱን በማገዶ ይመልሰዋል። ገለፈቱ ውሃን የሚያግድ በር ነበር፣ ተነሥቷል። ፍሬው ለሁለት ሲከፈል ደግሞ ውሃው እስከ መሃል የሚጓዘው መንገድ ያጥራል፤ መንገዱ በግማሽ ሲያጥር ለመጠጣት የሚፈጀው ጊዜ ወደ ሩብ ይጠጋል። የሚቀረው ኪሳራ ከገለፈቱ ጋር የተጣለው አሰር ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ምጣዱ ነው። የ91 ዲግሪው ጣሪያ የውሃ እንጂ የእሳት አይደለም። ምጣድ ላይ የሚታመስ ባቄላ ከ100 ዲግሪ በላይ በደንብ ይሄዳል፤ ከፍታው አያግደውም። የደጋውን ምግብ በዚህ ዓይን ሲያዩት ሌላ ይሆናል። ቆሎ በደረቁ የበሰለ ነው። ሽሮ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ተፈጭቶ ድስት ሲደርስ ከባዱ ሥራ አልቆለታል። በሶ ጭራሽ ድስት አያውቅም፤ የተቆላው ገብስ ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ ይበላል። አሹቅም ባቄላው መጀመሪያ ታምሶ ከዚያ የሚዘፈዘፍ ነው። ይህን የፈጠሩት እናቶች ስለ አየር ግፊት ተናግረዋል ብዬ አልሞግትም፤ ማገዶ መቁጠር ግን ያውቁ ነበር።

ማገዶ ከተነሣ፣ ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ ብዙ እሳት ማንደድ ብክነት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አፍልቶ እንፋሎት አድርጎ ለመጨረስ፣ ከቀዝቃዛነቱ እስከ መፍያው ለማድረስ ከፈጀው ሙቀት ሰባት እጥፍ ያህል ይጠይቃል። ክዳን የሌለው ድስት በየደቂቃው ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ወደ ጣሪያ ይልካል። አቅም ላለው ደግሞ እንፋሎቱን አፍኖ በግፊት የሚያበስለው ድስት አለ፤ መካነ ሰላም ላይ ሆኖ ውሃውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። ደጋ ላይ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ዋጋውን የሚመልስ ዕቃ ቢኖር እሱ ነው።

አሁን ወደ ዱቄት። ፍሬ ራሱን ያሳያል፣ ዱቄት ይሸሽጋል። ተፈጭቶ የሚሸጥ ርካሽ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ጡብ ዱቄት መገኘቱ ተደጋግሞ የተዘገበ ነው፤ ዛላውን ገዝቶ ወፍጮ ቤት መውሰድ ያደክማል፣ ግን ዛላ ጡብ አይሆንም። ርካሽ ሽሮ ውስጥ ደግሞ የሚያሰጋው ጓያ ነው። ጓያ ድርቅ የሚችል፣ ፕሮቲኑም ከባቄላ የማያንስ እህል ነው፤ ችግሩ ኦዳፕ የተባለውን መርዝ መያዙ ነው። አልፎ አልፎ በጥቂቱ ሲበላ አያሰጋም፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን የማይመለስ ሽባነት ያደርስበታል። ሩቅ አይደለም፤ ከመቅደላ በበሽሎ ማዶ ደላንታ ዝናብ ባጠረባቸው የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዓመታት ብዙ ሰው በዚህ ተሰብሯል፤ ጉዳዩም በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። መርዙ በውሃ ስለሚሟሟ፣ ጓያውን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል። ዱቄቱን ግን ማን ዘፍዝፎ ይደፋዋል? ሽሮ የሚገዛ ሰው አተሩን፣ ባቄላውን ወይም ሽምብራውን በዓይኑ አይቶ ቢያስፈጭ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ዘይት ላይ ብዙ አልቆይም። በብርዱ መደርደሪያ ላይ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው፤ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ የቅባት ዓይነት ስለሆነ። የኑግ ዘይት አይረጋም፤ ሰውነት ራሱ የማይሠራው ሊኖሌይክ አሲድ በብዛት አለው። ነገር ግን ብርሃንና አየር ቶሎ ያበላሹታል፤ በትንሽ በትንሹ ገዝቶ ጨለማ ቦታ ማስቀመጥ ያዋጣል።

ከሁሉ የሚረክሰው ጨው ነው፤ እዚያ ላይ ግን ቁጠባ አያስፈልግም። ደጋው አፈር አዮዲኑን ለዘመናት ዝናብ አጥቦበታል፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት የእንቅርትን ያህል የተለመደ በሽታ ባይኖር ኖሮ አይተረትም ነበር። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። አዮዲን ያለውና የሌለው ጨው በዓይንም በምላስም አይለዩም፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ከተገዛ በኋላም ከምድጃው አጠገብ በክፍት ጣሳ ከተቀመጠ እርጥበትና ሙቀት አዮዲኑን ይወስዱታል። መዘፍዘፊያው ላይ የገባችው ቁንጥር ከውሃው ጋር ትደፋለች፤ ዋናው ጨው የሚገባው ድስቱ ከእሳት ሊወርድ ሲል ነው።