ወለድ ሲዋዥቅ ሚዛን የሚጠብቀው ኮሚቴ

ደንበኛ ስሙን ሰምቶ የማያውቀው፣ የገንዘቡ ደኅንነት ግን የሚወሰንበት አንድ ኮሚቴ በባንኮች ውስጥ አለ። የሀብትና ዕዳ አስተዳደር ኮሚቴ ይባላል፤ የባንክ ሰዎች ባጭሩ አልኮ ይሉታል። የባንኩ የበላይ ኃላፊዎች ከፋይናንስ፣ ከትሬዠሪና ከሥጋት ክፍል ኃላፊዎች ጋር ይቀመጡበታል። ብድር አያጸድቅም። ያሰባሰብነው ገንዘብ መቼ ይጠየቃል? ያዋልንበትስ መቼ ይመለሳል? እስከዚያ ወለድ ቢለወጥ ምን ይተርፈናል? ሥራው ይህን መጠየቅ ነው።

አስቀማጭ ገንዘቡን በፈለገው ሰዓት ያወጣል፤ ባንኩ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ለዓመታት በብድርና በቦንድ አስሮታል። ለኮሚቴው የሚቀርበው ሰንጠረዥ ሁለቱን በጊዜ ከፋፍሎ ያነጻጽራል፤ እስከ አንድ ወር፣ እስከ ሦስት ወር፣ እስከ ዓመት እያለ ይቀጥላል። ከዚያ ወለድ በ2 መቶኛ ነጥብ ቢወጣ ወይም ቢወርድ ትርፉና ካፒታሉ ምን እንደሚሆኑ ይሰላል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የቁጠባና የተንቀሳቃሽ ሒሳብ ዕድሜ ነው። ብድር ውል አለው፤ ቦንድም የመክፈያ ቀን አለው። የቁጠባ ደብተር ላይ ግን ቀን አልተጻፈም። ነገ ሊወጣ የሚችለው ገንዘብ ዓመታት ሊቀመጥም ይችላል፤ ስንት እንደሚቆይ ኮሚቴው መገመት አለበት። እኔ የአንድን አልኮ ጥንካሬ የምለካው በዚህ ግምት ሐቀኝነት ነው።

የካሊፎርኒያውን ሲሊከን ቫሊ ባንክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ገንዘብ ጎረፈለት፤ ብዙውን የረጅም ጊዜ ቦንድ ገዛበት። ቦንዶቹ በአብዛኛው የአሜሪካ መንግሥትና መንግሥት የሚደግፋቸው ተቋማት ያወጧቸው ስለነበሩ ዕዳው ይካዳል የሚል ሥጋት አልነበረም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ ግን ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ከዜሮ ብዙም ያልራቀውን ወለድ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4.5 በመቶ በላይ አደረሰው።

ያ ምን ማለት ነው? 10 ዓመት የቀረውና 1.5 በመቶ የሚከፍል የ1,000 ዶላር ቦንድ በዓመት 15 ዶላር ያስገኛል። አዲሱ ቦንድ 40 ዶላር መክፈል ከጀመረ አሮጌውን በ1,000 የሚገዛ አይገኝም፤ ዋጋው ወደ 800 ይወርዳል። ባንኩ እስከ መጨረሻው እይዛቸዋለሁ ብሎ ባስቀመጣቸው ቦንዶች ላይ በ2022 መጨረሻ የነበረው ያልታየ ኪሳራ ከ15 ቢሊዮን ዶላር አልፎ ከጠቅላላ ካፒታሉ ጋር ሊስተካከል ተቃርቦ ነበር።

አደጋው ሳይታወቅ የመጣ አልነበረም። ፌዴራል ሪዘርቭ በኋላ ባወጣው ግምገማ እንደተገለጸው፣ የባንኩ የራሱ ስሌት የሥጋት ገደቡ መጣሱን አሳይቶ ነበር። አመራሩ ግን ገንዘቡ የዋለበትን ከማስተካከል ይልቅ ተቀማጩ ይቆያል የተባለበትን ዕድሜ አስረዘመ። ሰንጠረዡ አማረ፤ ሥጋቱ ባለበት ቀረ። በዚያ ላይ ከወለድ ጭማሪ የሚከላከሉለትን ውሎች አፍርሷል። ከተቀማጩ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግሞ ከ250,000 ዶላሩ የተቀማጭ መድን ጣሪያ ውጭ ነበር። መጋቢት 8 ቀን 2023 ቦንድ ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን አስታወቀ። በማግሥቱ 42 ቢሊዮን ዶላር ወጣበት፤ መጋቢት 10 ተዘጋ።

የእኛ ባንኮች የወለድ ልዩነትን ሸክም በሌላ መንገድ ያውቁታል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር የ27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ሰነዱ አምስት ዓመት የሚቆይ ሆኖ ሲጀመር 3 በመቶ ይከፍል ነበር። ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ ግን 5 በመቶ ነበር። መመሪያው በ2012 ተነሣ። በሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ በ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ መሥራት ጀመረ፤ በ2017 ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ገበያ ተከፈተ። አሁን የሀገራችን አልኮዎች ገንዘብ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ የሚያዩበት ዋጋ አላቸው፤ ጥቂት ትልልቅ አስቀማጮች በአንድ ሳምንት ቢወጡ በዚያ ዋጋ ስንት መበደር እንደሚያስፈልጋቸውም አስልተው ማስቀመጥ ይችላሉ።