የአርዲቦ ካርታ በስክሪን ላይ፦ የሚባለውና እውነታው

ባለፈው ክረምት አራት ሆነን በኢንተርኔት ጀብዱ ልንጫወት ተቀጣጠርን። ሁለታችን ከደሴ፣ አንዷ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከዋሽንግተን ዲሲ። ታሪኩ የሚጀምረው አርዲቦ በተባለው ሐይቅ ዳር ነው፤ መንገደኞች ከአርዲቦ ተነስተው በሌሊት ስሙ ራሱ «ሐይቅ» ወደሆነው ጎረቤት ሐይቅ ይወርዳሉ። ካርታውን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩና የታተመ የመልክዓ ምድር ካርታ ስካን አድርጌ ስክሪኑ ላይ ዘረጋሁት። አስር ደቂቃ ሳይሞላን የዲሲው ልጅ «ወንድሜ፣ እኔ አሁን የት ነው የቆምኩት?» አለኝ። ሳጎላው የአርዲቦ ዳርቻ ተበታትኖ ሰማያዊና ቡናማ ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። ሰውዬው ውሃ ውስጥ ይሁን ሜዳ ላይ እኔም መለየት አቃተኝ።

ለማያውቀው ሰው፣ ይህ ጨዋታ አንድ አጫዋች ታሪኩን የሚመራበት፣ ሌሎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እዚህ እሄዳለሁ፣ ይህን አደርጋለሁ» እያሉ ዳይስ የሚጥሉበት ነው። ታዋቂው «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ። ለአጫዋቾች የተዘጋጁ ጀብዱዎች ከነካርታቸው በመጽሐፍ ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እንደ ሮል 20 ያሉ ድረ ገጾች ጠረጴዛውን ወደ ኮምፒዩተር አመጡት። በመጽሐፍ የሚታተመው ካርታ ግን ብዙ ጊዜ የሚሳለው ለወረቀት ነው፤ ችግሩም የሚመነጨው ከዚያ ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ የታተሙ ጀብዱዎችን ካርታ አንድ በአንድ ሳይ ከረምኩ። ስለ ካርታ ጥራት ሰው ሲናገር የምሰማው፣ እኔም ራሴ አምነው የነበረው፣ አብዛኛው ስህተት ሆኖ አገኘሁት።

«ስካኑ ጥሩ ከሆነ የፈለግነውን ያህል እናጎላዋለን» ይባላል። ሒሳቡን እንሥራው። በ1፡50,000 መጠን በተሠራ ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት 500 ሜትር ነው። አርዲቦ ወደ 16 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል ቢባል ወረቀቱ ላይ የሚይዘው 64 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ሰው መዳፍ ያህል ነው። በኢንች 300 ነጥብ ስካን ብናደርገው እያንዳንዷ ነጥብ ከ4 ሜትር በላይ መሬት ትይዛለች። በጨዋታው አንድ ሰው የሚቆምባት ካሬ ግን 5 ጫማ፣ 1.5 ሜትር ገደማ ናት። አንዲት ነጥብ ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ይታጨቃል ማለት ነው። ስካኑ ላይ የሌለውን ዝርዝር ማጉላት አያመጣውም፤ ነጥቧን ብቻ ያሰፋታል። የዲሲው ልጅ የት እንደቆመ ያልታየኝም ለዚህ ነው።

«እንግዲያው ሁሉንም ዘርዝሮ አንድ ትልቅ ካርታ መሳል ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ይህም አይሠራም። ሮል 20 ለአንድ ካሬ የሚመድበው 70 ፒክስል ነው። አራት ኪሎ ሜትር በአራት ኪሎ ሜትር የሆነን ቦታ በ1.5 ሜትር ካሬ ብንከፍለው በአንዱ ጎን ብቻ ከ2,600 በላይ ካሬ፣ ከ180,000 በላይ ፒክስል ይመጣል። ይህን የሚሸከም ስልክም ላፕቶፕም በእጃችን የለም። የሚያዋጣው ሁለት ካርታ ነው፤ አንዱ ለጉዞ፣ አንዱ ለቦታ። በጉዞ ካርታው ላይ አርዲቦና ሐይቅ፣ መንገዱና ገደሉ በአንድ እይታ ይታያሉ። በቦታ ካርታው ላይ ደግሞ ነገር የሚፈጠርባት ዳርቻ ብቻዋን ትሳላለች፦ ዛፉ፣ ድንጋዩ፣ ረግረጉ። ይህች 30 በ20 ካሬ ብትሆን 2,100 በ1,400 ፒክስል ይበቃታል።

ስለ ፋይል ክብደትም የሚባል አለ። «ፋይሉ የከበደ ካርታ ጥራት አለው» ይሉናል። ክብደት ጥራት አይደለም። በአግባቡ የታመቀ ቀላል ፋይል ስክሪን ላይ ከከባዱ ጋር ልዩነቱ ላይታይ ይችላል፤ በሞባይል ዳታ ለምትጫወተው የአዲስ አበባዋ እህታችን ግን ልዩነቱ ካርታው መከፈት ወይም አለመከፈቱ ነው። በተቃራኒው ጥሩውን ካርታ በቴሌግራም «ፎቶ» ብላችሁ ከላካችሁት ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል። «ፋይል» ብላችሁ ላኩት። ስንቱ ካርታ በዚህ ምክንያት ብቻ «ጥራት የለውም» ተብሎ እንደተጣለ ሳስብ ያናድደኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ያማረ ካርታ ጥሩ ካርታ ነው።» ይህ እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ አሳታሚዎቹም ሽፋኑ ላይ የሚያሳዩን ውበቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመው «ራቨንሎፍት» የተሰኘ ጀብዱ ታሪኩ የሚካሄድበትን ቤተ መንግሥት ካርታ በሰያፍ እይታ አወጣው፤ ፎቁ ከምድር ቤቱ፣ ደረጃው ከግንቡ ጋር በአንድ ስዕል ይታያል። ድንቅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ከርስ ኦፍ ስትራድ» የተሰኘው ጀብዱም ያንኑ አሳሳል ይዞ ቀጠለ። ወረቀት ላይ ዓይን አይጠግበውም። ስክሪን ላይ ስታደርጉት ግን የካርታው ካሬ ያዘመመ፣ የኮምፒዩተሩ ካሬ ቀጥ ያለ ነውና አይገጥሙም። ተጫዋቹ ገጸ ባሕርይውን አንድ እርምጃ ሲያንቀሳቅስ ግድግዳ ላይ ይወጣበታል።

ይሁን እንጂ ከላይ ወደ ታች የሚያይ ካርታም የራሱ ጉድለት አለበት፤ ይህን ለመረዳት ከአምባሰል የተሻለ መምህር አላገኘሁም። በአምባሰል የምትገኘው ግሸን ደብረ ከርቤ የተቀመጠችበት አምባ ከላይ ሲታይ የመስቀል ቅርጽ አለው። ያን ቅርጽ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ስታስቀምጡት እጅግ ያምራል። ነገር ግን ነገሥታቱ በመካከለኛው ዘመን የንጉሣዊ ቤተሰብ ተወላጆችን እዚያ አምባ ላይ ያስጠበቁት ለመስቀሉ ቅርጽ አልነበረም፤ ገደሉ እንደ ልብ ስለማያስወጣና ስለማያስወርድ ነው። ጠፍጣፋ ካርታ የሚደብቀው ይህንን ገደል ነው። የአርዲቦም ነገር እንዲሁ ነው። ካርታችን ላይ ሁለት ሰማያዊ ነገሮች ጎን ለጎን ስለተኙ የአዲስ አበባዋ ተጫዋች «በታንኳ ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ እንሻገር» አለች። አልፈርድባትም። አርዲቦ ከፍ ብሎ፣ ሐይቅ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ፣ የአርዲቦ ውሃ ሞልቶ ሲወጣ ወደ ሐይቅ እንደሚወርድ ካርታው አልነገራትም። አንዲት ቀስትና ሁለት የከፍታ ቁጥር ቢኖሩ በቂ ነበር። ጥሩ ካርታ ተጫዋቹ ተሳስቶ እንዳይወስን የሚያደርገውን ነገር ማሳየት አለበት።

«የሳተላይት ምስል ካለ ሌላ ካርታ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። የእኛ ታሪክ የሚካሄደው በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም በመሩት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ነበር። ገዳሙ ያኔ በደሴት ላይ ነው፤ ዛሬ ግን ቦታው ከየብስ ተገናኝቶ ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል። የዛሬውን ሳተላይት ምስል ብንዘረጋ መንገደኞቹ ታንኳ ሳያስፈልጋቸው በእግራቸው ይገቡ ነበር፤ ታሪኩም እዚያው ይፈርሳል። (ገዳሙን የተቀደሰ ቦታነቱን አክብረን የጉዟችን መድረሻ አደረግነው እንጂ ሀብት የሚዘረፍበት ዋሻ አላደረግነውም። ሌሎችም እንዲህ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል።)

ሌላው «አንድ ካርታ ለሁሉም ይበቃል» የሚለው ነው። መጽሐፍ ላይ የሚታተመው ካርታ ብዙ ጊዜ የአጫዋቹ ነው፤ የምስጢሩ በር፣ የወጥመዱ ምልክት፣ የክፍሉ ቁጥር ሁሉ ተጽፎበታል። በጠረጴዛ ዙሪያ ሲሆን አጫዋቹ መጽሐፉን ወደ ራሱ አዙሮ ይደብቃል። ስክሪን ላይ ግን ያው ስዕል ለሁሉም ይታያል፤ ምስጢሩ ገና ጨዋታው ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። ገንዘብ ከፍሎ ጀብዱ የገዛ ሰው ሌሊቱን ጽሑፍ ሲፍቅ እንዲያድር ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም።

የእኛን ዳርቻ በመጨረሻ በእጄ ሳልኩት። ያምራል ማለት አልችልም፤ ረግረጉ አረንጓዴ ጭረት፣ ድንጋዮቹ ክብ ነገር ናቸው። የዲሲው ልጅ ግን ዳግመኛ የት እንደቆመ አልጠየቀኝም።

በአገራችን ጀብዱ ጽፋችሁ ለማሳተም የምታስቡ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ልመናዬ ለእናንተ ነው። የጉዞውንም የቦታውንም ካርታ በሁለት ቅጂ አውጡ፣ አንዱን ለአጫዋቹ፣ አንዱን ጽሑፍ የሌለበት ለተጫዋቾቹ። ካሬው ስንት በስንት እንደሆነ በፋይሉ ስም ላይ ጻፉት። ውሃው ወዴት እንደሚፈስም በቀስት አሳዩ።