በብዕር ስለሚያድር ሰውና ስለ ቤተ ሰቡ

ወር ጠብቆ ደመወዝ ከሚቀበለው ጸሐፊ ሌላ፥ የማንም ተቀጣሪ ሳይሆን ለጠየቀው ሁሉ ንግግር እያዘጋጀ፥ ለነጋዴ ማስታወቂያ እየጻፈ፥ ለጋዜጣና ለራዲዮም የእግር ኳስ ወሬ እያቀረበ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው አለ። ስለዚህ ሰውና ስለ ቤተ ሰቡ ዛሬ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

ይህ ሥራ በመተማና በዙሪያዋ ባለው በምዕራብ ጎንደር ቆላ ሲሠራ ችግሩ ይጠናል። አገሩ ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበት፥ ወደ ሱዳንም የሚያልፈው የንግድ በር ስለ ሆነ፥ ገንዘብ የሚገኘው በወቅት ነው። ሰሊጡ ሲሰበሰብ ነጋዴው ይመጣል፤ ሱቁ ይሞላል፤ ሰርግም ይደገሳል፤ ያን ጊዜ ማስታወቂያና ንግግር የሚሻው ይበዛል። ክረምት ሲገባ ግን ጠያቂ ይጠፋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ንግዱ መታወኩን፥ ብዙ ስደተኛም በመተማ በኩል መግባቱን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ስለዚህ ባልና ሚስት ተማክረው፥ ከኅዳሩ ገቢ ለነሐሴ የሚሆነውን አስቀድመው ለይተው ማኖር ይገባቸዋል።

ነገር ግን ከገንዘብ እጦት የሚብስ ፈተና አለ። ንግግር የተናጋሪው ቃል ነው፤ ጸሐፊው ያሳምርለታል እንጂ ምስክር አይሆንም። ማስታወቂያም የሻጩ ቃል መሆኑን ገዢው ያውቃል። የኳስ ወሬ ግን የጸሐፊው የራሱ ምስክርነት ነው። ትናንት የማስታወቂያ ዋጋ የከፈለው ነጋዴ ዛሬ ለቡድኑ ማሊያ የገዛ እንደ ሆነ፥ ቡድኑም 3 ለ0 ቢሸነፍ፥ ሽንፈቱን አለዝብልኝ ማለቱ አይቀርም። ጸሐፊው እምቢ ቢል የልጆቹ እንጀራ ይጐድላል፤ እሺ ቢል ስሙ ይጐድላል።

በዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን ከመተማ ማዶ፥ ከካርቱም እናገኛለን። በየካቲት 1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በዚያ ሲደረግ፥ ኢትዮጵያ በፍጻሜው ጨዋታ በግብፅ 4 ለ0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያገባው አንዱ አድ ዲባ ነበር። በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግን፥ ያው የግብፅ ቡድን የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ተብሎ መጥቶ፥ 2 ለ2 ከሆኑ በኋላ በተጨመረው ሰዓት 4 ለ2 ተረታ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። የካርቱሙን 4 ለ0 የሸፋፈነ ጸሐፊ ቢኖር፥ የአዲስ አበባውን 4 ለ2 በጻፈ ጊዜ ማን ያምነው ነበር? ሽንፈትን እንደ ሆነው የጻፈ፥ ድልን ሲጽፍ ይታመናል።

እንግዲህ በብዕሩ የሚያድር ሰው ሦስት ነገር ይጠብቅ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን በጽሑፍ ይዋዋል። ገንዘብ የተቀበለበትን ሰው ቡድን ጨዋታ ለሌላ ጸሐፊ ይተው፤ ሌላ ከሌለም ነገሩን ለጋዜጣው አዘጋጅ አስቀድሞ ይንገር። ለባለቤቱም ከማን ምን እንደ ተቀበለ አይሰውር፤ የቤቱን ጉድለት የምትሸፍን እርስዋ ናትና፥ እምቢ ያለበትን ምክንያት ብታውቅ አብራው ትጸናለች።

ንግግር የምታስጽፉ ክቡራን ሆይ፥ በእናንተም ላይ ዕዳ አለ። በአደባባይ የተመሰገናችሁበትን ቃል ያዘጋጀው ሰው ደጃችሁን ሲመላለስ እንዳይከርም፥ ዋጋውን በቀኑ ክፈሉት። ዋጋውን በጊዜው ያገኘ ሰው ብዕሩን ለሐሰት አሳልፎ እንዲሰጥ ችግር አያስገድደውም።