ጌታ የተፈራረቀበት የብረት ቆብ

ስንት የሚጻፍ የአገር ጉዳይ እያለ ስለ ቡልጋሪያ ወታደር የብረት ቆብ መጻፍ ምን ይሉታል የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሆኖም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በነፃ የትምህርት ዕድል ሶፊያ የገባን ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደለንም። ዛሬ አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ ጀርመን፣ አንዱ ስዊድን ተበትነን እንገኛለን። እኔም ከነዚያ አንዱ ነኝ። ያ አገር ከመጽሐፉ ትምህርት ሌላ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ትንሽ አገር የታላላቆች መተላለፊያ ስትሆን ወታደሯ ራሱ ላይ የሚደፋው ቆብ እንኳ የራሷ ሆኖ እንደማይዘልቅ ነው። ታሪኩን ከሥሩ እንየው። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከጨርቅ ወደ ብረት

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የአውሮፓ ወታደር የዘመተው በጨርቅ ቆብ ነበር። ጀርመኖች ጫፉ ላይ ሹል ያለው የቆዳ ቆብ ነበራቸው፤ እሱም ለሰልፍ ማማሪያ እንጂ ለመድፍ የሚሆን አልነበረም። ወታደሩ ምሽግ ውስጥ ሲገባ ለአደጋ የተጋለጠው ራሱ ሆነ። ከላይ የሚፈነዳው የመድፍ ፍንጣሪ ስንቱን ጨረሰው።

መላውን ቀድማ ያገኘችው ፈረንሳይ ናት። በ1915 ኦጉስት ሉዊ አድሪያን የተባለው መኮንን ሰባት መቶ ግራም ገደማ የሚመዝን ቀላል የብረት ቆብ አወጣ። እንግሊዞችም በዚያው ዓመት የጆን ብሮዲን፣ የተደፋ ሳህን የሚመስለውን ይዘው መጡ። ጀርመኖች ዘግይተው ቢጀምሩም አጥንተው ሠሩት። የሃኖቨሩ መሐንዲስ ፍሬድሪሽ ሽቨርድ ግንባርን፣ ጆሮንና ማጅራትን የሚሸፍነውን ቆብ ነደፈ፤ በ1916 ቨርደን ላይ ተፈተነ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የብረት ቆብ የተሠራው የጠመንጃ ጥይትን ፊት ለፊት እንዲመልስ አይደለም። ፍንጣሪ፣ ድንጋይና አፈር እንዲመክት ነው። ቆብ ደፍቻለሁ ብሎ ራሱን ከምሽግ በላይ ያወጣ ወታደር ዕጣው ያው ነበር።

የተዋሱት ቆብ

ቡልጋሪያ በጥቅምት 1915 ከጀርመንና ከኦስትሪያ ሃንጋሪ ጎን ተሰለፈች። የብረት ቆብ የመጣላትም ከነዚሁ አጋሮቿ ነው፤ ለሁሉም ግን አልተዳረሰም። በዚያ ዘመን ፎቶግራፎች ላይ ብዙው የቡልጋሪያ እግረኛ በጨርቅ ቆብ ይታያል። ያም ሆኖ በዶይራን ሐይቅ ግንባር ሠራዊቱ የእንግሊዞችን ማጥቃት በ1917ም ሆነ በመስከረም 1918 መልሷል። ጦርነቱ የተበላሸው በሌላ በኩል፣ ፈረንሳዮችና ሰርቦች ዶብሮ ፖሌን ሰብረው ሲገቡ ነው። መስከረም 29 ቀን 1918 ቡልጋሪያ ተኩስ አቁም ፈረመች።

በ1919 የተፈረመው የኑዪ ውል ሠራዊቷን በሃያ ሺህ ወታደር ወሰነው፤ ብሔራዊ ውትድርናም ከለከላት። ቁጭት እዚያ ተጠነሰሰ። በቁጭት ላይ ያለ አገር ደግሞ ጦር ሊያስታጥቀው የሚመጣ ወዳጅ አያጣም።

አንበሳው ያለበት ቆብ

የጦር መሣሪያው ገደብ በይፋ የተነሣው በ1938 በሰሎንቄ ስምምነት ነው። ቡልጋሪያ ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድማ፣ በንጉሥ ቦሪስ 3ኛ ዘመን፣ የ1936 ሞዴል የሚባለውን የራሷን ቆብ ይዛ ብቅ ብላለች። አንድ ጊዜ ያየው ሰው ከሌላ አያምታታውም። ጎንና ጎኑ እንደ ጀርመኑ ወደ ውጭ የተዘረጋ ነው፤ አናቱ ላይ ግን ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ሸንተረር አለው። ሰብሳቢዎች በአሠራሩ ልዩነት ሦስት ዓይነት አድርገው ይከፍሉታል። በአንዱ ጎን ነጭ፣ አረንጓዴና ቀይ የሆነው የአገሪቱ ሰንደቅ፣ በሌላው ጎን አንበሳ ያለበት ጋሻ ተለጥፎበት ነበር።

አገሩ መጋቢት 1 ቀን 1941 ከጀርመን ጋር ቃል ኪዳን ገባ። ቡልጋሪያ ጦሯን ወደ ሩሲያ ግንባር አልላከችም። ሕዝቡ፣ ቤተ ክርስቲያኑና አንዳንድ የምክር ቤት አባላት ተቃውመው፣ በአሮጌው ድንበር ውስጥ የነበሩ አርባ ስምንት ሺህ ያህል አይሁዳውያን ለሞት ከመጋዝ ተርፈዋል። ይህን ቡልጋሮች በኩራት ያነሡታል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን በዚያው በ1943 ቡልጋሪያ ከያዘቻቸው ከትራኪያና ከመቄዶንያ ከአሥራ አንድ ሺህ በላይ አይሁዳውያን ተሰብስበው ለጀርመኖች ተሰጥተዋል። አንበሳው ይህንንም አይቷል። ታሪክ ሲነገር ሁለቱም ይነገር።

መስከረም 9 ቀን 1944 መንግሥት ተገለበጠ። ትናንት የጀርመን አጋር የነበረው ሠራዊት በጄኔራል ቭላዲሚር ስቶይቼቭ መሪነት ጀርመኖችን እየወጋ ሃንጋሪ ገባ፤ በመጋቢት 1945 ድራቫ ወንዝ ላይ ከባድ ጦርነት አደረገ።

ተማሪ ሳለሁ ከሶፊያ ወጣ ባለ መንደር የጓደኛዬ አያት ቤት ለዕረፍት ሄጄ ነበር። ጓሯቸው ውስጥ ዶሮዎች ውኃ የሚጠጡበት ዕቃ ያ ባለ ሸንተረር ቆብ ነው። ሽማግሌው፣ እንደ አገሬው ወግ "ዲያዶ" እያልኩ የምጠራቸው፣ የድራቫ ዘማች ነበሩ። ለጀርመን ወዳጅ ሳሉ የደፉትና በጀርመን ላይ ሲተኩሱ የደፉት ቆብ አንድ መሆኑን እየሳቁ አጫወቱኝ። ቆቡ ያው፣ ራሱም ያው፤ የተለወጠው አዛዡ ነው ማለታቸው ነበር። ያን ጊዜ አብሬ ሳቅሁ። ኋላ ሳስበው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ዘውዱ የወለቀው አንበሳ

ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየቶች የሚያዙበት ዘመን መጣ። በ1955 ቡልጋሪያ የዋርሶ ቃል ኪዳን መሥራች አባል ሆነች፤ ቆቧም እንደዚሁ ከሞስኮው ጋር ዘመድ ሆነ። ክብና ለማምረት የማያስቸግር፣ ጌጥ የሌለው ብረት ነበር። ያ ባለ ሸንተረሩ ቆብ ለእሳት አደጋ ሠራተኞችና ለሲቪል መከላከያ፣ የቀረውም ለዲያዶ ዶሮዎች ተረፈ። በመንግሥቱ ዓርማ ላይ ያለው አንበሳ ዘውዱን አውልቆ ኮከብ ተሰጠው። እኛም በ1974 ከመጣው አብዮት በኋላ አንበሳችን ዘውዱን ሲያጣ ስላየን፣ ነገሩ ለሐበሻ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የቡልጋሪያው በ1997 ዘውዱ ተመልሶለታል።

በመጋቢት 2004 ቡልጋሪያ ኔቶ ገባች። የዛሬው ቆብ ብረት መሆኑ ቀርቷል። ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለችው አሜሪካዊት ኬሚስት በ1965 ባገኘችው ኬቭላር ዓይነት ጠንካራ ጭረት የተሠራ ነው። የሚገርመው፣ አሜሪካኖች በ1980ዎቹ ያወጡት የኬቭላር ቆብ ቅርጹ የጥንት ጠላታቸውን የጀርመኑን ይመስላል። ጆሮና ማጅራት የሚሸፍን ነገር የትም ቢሄድ መልኩ ከዚያ አይርቅም።

ከአዲሱ ወዳጅ ጋር አዲስ ግዳጅ መጣ። ታኅሣሥ 27 ቀን 2003 ካርባላ፣ ኢራቅ ውስጥ የቡልጋሪያ ሰፈር በቦምብ ሲመታ አምስት ቡልጋሮች ሞቱ። ቆብ ፍንጣሪ ይመክታል፤ ውሳኔን አይመክትም።

እኛስ?

ቡልጋሮችን ለመታዘብ ብቻ አልጻፍኩም። የእኛ የቃኘው ሻለቃ ጀግኖች በ1951 ኮሪያ ሲዘምቱ የደፉት የአሜሪካን ብረት ቆብ ነበር። ከ1977 በኋላ ደግሞ መሣሪያው ሁሉ ከሶቪየት ኅብረት መጣ። ዘማቹ ግን በሁለቱም ጊዜ የእኛው የገበሬ ልጅ ነው። ቆቡን ማን እንደሰጠው ከመጠየቅ በፊት፣ የት ሂድ እንደተባለና ለምን እንደተባለ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ሶፊያ የምትሄዱ ብትኖሩ ብሔራዊውን የጦር ታሪክ ሙዚየም ጎብኙ። ቡልጋሮች ያፈሩበትንም የኮሩበትንም ቆብ አልጣሉም፤ አስቀምጠውታል። እናንተም የአባታችሁ ወይም የአጎታችሁ የዘማች ፎቶግራፍ ሻንጣ ውስጥ ካለ አውጡት። በስተጀርባው ስሙን፣ ዓመቱንና የዘመተበትን ቦታ ጻፉበት። የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ካልተጻፈ፣ ለልጆቻችን የሚቀርላቸው ቆብ የደፋ የማያውቁት ሰው ፎቶ ብቻ ይሆናል።