የሽያጭ መዝገቡ ሲቆለፍ

ደንበኛው ገንዘቡን ይዞ ቆሟል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ግን ሽያጩን መመዝገብ አልቻለችም። ስክሪኑ ላይ «ዳታቤዝ ኢዝ ሎክድ» የሚል ጽሑፍ መጥቷል። ብዙ ነጋዴ ወዲያው የሚጠረጥረው ቫይረስን ነው። ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

አያሌ ፕሮግራሞች መዝገባቸውን የሚይዙት አሜሪካዊው ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ኤስኪውላይት ነው። ዋጋ አይጠየቅበትም፤ ሰርቨር አይፈልግም፤ መዝገቡ በሙሉ አንድ ፋይል ነው። ጣጣውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። አንባቢው ቢበዛ ግድ የለውም፤ ጸሐፊው ግን በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። የመጠበቂያ ጊዜ ካልተሰጠው ሁለተኛውን ወዲያው ይመልሰዋል። ባለሙያዎ «ቢዚ ታይምአውት»ን ጥቂት ሴኮንድ ቢያደርገውና በ2010 የመጣውን «ዋል» የተባለ የአጻጻፍ ስልት ቢከፍት፣ አብዛኛው መቆላለፍ ይቀራል።

የከፋው፣ ፋይሉን በኔትወርክ አጋርቶ ከሦስት ኮምፒውተር መጻፍ ነው። የኔትወርክ ቁልፍ ሁልጊዜ አይታመንም፤ «ዋል»ም በዚህ መንገድ አይሠራም። የዓመት የዱቤ ሂሳብ በአንድ ከሰዓት ሊበላሽ ይችላል። ለእንዲህ ያለው መደብር እንደ ፖስትግሬስ ያለ ባለ ሰርቨር ዳታቤዝ ይሻላል፤ ወጪው ቢያስቆጭም።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከዋናው ፋይል ጎን «ጆርናል» ወይም «ዋል» የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ቢያዩ እንደ ቆሻሻ አይሰርዙት፤ የተቋረጠው ሂሳብ የሚቃናው በእሱ ነው። ማታ ፍላሽ ላይ ሲገለብጡም መጀመሪያ ፕሮግራሙን ይዝጉ፣ ወይም የራሱን «ባክአፕ» ትዕዛዝ ይጠቀሙ። ከዚያ ቅጂውን በ«ኢንቴግሪቲ ቼክ» ያስፈትሹ፤ «ኦኬ» ካላለ የትናንቱን ቅጂ አይደምስሱ።